ሦስት ቡግርና በበዓለ ኃምሳ የጾምኩት ጾም

ሰው የሚያፍርበትን ነገር ሲያወራ «የአንድ ጓደኛዬ ታሪክ ነው» ብሎ ይጀምራል። እኔም ሐኪም ፊት ቀርቤ እንደዚያ ብዬ ነበር። እዚያ ያልሠራልኝን ዘዴ እናንተ ላይ አልደግመውም። የራሴ ነው። ቡግሩም የራሴ፣ ቅጥፈቱም የራሴ፣ ሚስቲቱም የራሴ፤ የመጨረሻዋን ግን ለጥቂት ነው ያላጣኋት።

ሚሌኒየሙን ባከበርንበት ዓመት ነው። ያኔ ደባርቅ ውስጥ በቅሎ ጫኝ ነበርኩ። ተራራውን ሊያዩ የሚመጡ ፈረንጆችን ጓዝ በበቅሎዬ ጭኜ አምስት ቀን ስድስት ቀን እዞራለሁ። በቅሎዬ ወይዘሪት ትባላለች። ስሙን ያወጣሁላት ማንም እንዲነካት ስለማትፈልግ ነው፤ የነካትን ደግሞ ጎንደር ድረስ በሚሰማ እርግጫ ታሰናብተዋለች። አጋነንኩ መሰለኝ፤ ዳባት ድረስ በሉት።

በከተማው የምታወቀው በሁለት ነገር ነበር፤ ወሬ በማሳበጥና ጾም በመግደፍ። በሁዳዴ ተራራ ላይ ፈረንጆቹ ያስተረፉትን እንቁላል ሳይ «ይሄ ከሚጣል» እላለሁ፤ ሳይጣል ይቀራል። ባለቤቴ ይታይሽ ይህን ታውቃለች። ይታይሽ ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች፤ ምላሷም ከሸቀጧ ጋር ይመሳሰላል። ስትቆጣ ትናገራለች፤ ያ ምንም አይደል። ክፉው ዝም ስትል ነው።

ሁዳዴው ሊጋመስ ሲል አንድ ረጅም ጉዞ ተገኘ። መንገዱ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ሙቀት አለ። ስለዚህ ከመነሳታችን በፊት የወይዘሪትን ጋማ ከርክሜ፣ እኔም እላዬንም ታቼንም ተላጭቼ፣ ሁለታችን ሙሽራ መስለን ወጣን። በስድስተኛው ቀን ስመለስ ወንዝ ወርጄ ገላዬን ስታጠብ እጄ አንድ ነገር ነካ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ብልቴ ሥር፣ ፀጉሩ በተላጨበት ቦታ፣ ሦስት ቀያይ ቡግሮች። አንዱ ጫፉ ላይ ነጭ ይዟል።

ሰው አንድ ነገር ካስደነገጠው ሌላም ይፈልጋል። ጠጋ ብዬ ስፈትሽ ጫፉ ዙሪያ ጤፍ የሚያክሉ ነገሮች ተደርድረው አገኘሁ፤ እንደ ዶቃ፣ በመስመር፣ ሰልፍ የወጡ ይመስላሉ። እነዚህ መቼ መጡ? ሠላሳ ሁለት ዓመት አብሮኝ የኖረውን አካል በወጉ ያየሁት ያን ቀን መሆኑን እነግራችኋለሁ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር፤ እኔ ግን አላበኝ።

ከዚያ ጥርጣሬ ጀመረ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የጉዞ ብርድ ልብሳችንን ነው፤ ስድስት በቅሎ ጫኝ በአንድ ብርድ ልብስ እንተኛለንና። ቀጥሎ ሱሪውን ያዋሰኝን ባልንጀራዬን ጠረጠርኩ። ሦስተኛው ሐሳብ ሲመጣ ግን ወንዙ ዳር ተቀመጥኩ።

ይታይሽ ከሁዳዴ በፊት ዳባት ሄዳ ነበር። እህቷ ወልዳ፣ አራስ ልትጠይቅ ብላ ሁለት ሳምንት ቆይታ ነው የመጣችው። ሁለት ሳምንት! አራስ ለመጠየቅ አንድ ቀን ይበቃል፤ አንድ ቀን ለገንፎው ጨምሩ። ስትመለስ ደግሞ አዲስ ሻሽ አስራ ነበር። ያኔ «ያምርብሻል» ብዬ ያለፍኩት ሻሽ ወንዙ ዳር ሌላ መልክ ያዘ። ቤት እስክደርስ በልቤ ተከሳ፣ ተከራክራ፣ ተፈርዶባት ነበር። ዳኛውም እኔ፣ ምስክሩም እኔ።

አልጠየቅኋትም። ብጠይቅ መጀመሪያ ማሳየት አለብኝ፤ ባሳይ ደግሞ «አንተ ስድስት ቀን የት ከረምክ?» ትለኛለች። ስለዚህ ራሴን ለማከም ወሰንኩ። ወይዘሪት አንድ ጊዜ አንገቷ ላይ ኪንታሮት ወጥቶባት በቁልቋል ወተት አቃጥዬ አድርቄላት ነበር። ለበቅሎ የሠራ ለባለቤቷ የማይሠራበት ምክንያት አልታየኝም። ከአጥሩ ሥር ቁልቋል ቆረጥኩ፤ ወተቱን በእንጨት ጫፍ ነክሬ ሦስቱንም ቀባኋቸው።

ወገኖቼ፣ እንዲያ ያለ መቃጠል አይቼ አላውቅም። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ የሸሹት ያን ቀን በእኔ ጩኸት ነው የሚሉ አሉ፤ የሚሉት እኔ ነኝ። በማግሥቱ ቆዳው ተላጠ፣ ውሃ ቋጠረ። ሦስት ቡግር ነበረኝ፤ አሁን ሦስት ቡግርና አንድ ቁስል ሆነ። ይህ ሁሉ ግን አንድ መሸሸጊያ ነበረው፤ ሁዳዴ ነበር። በሁዳዴ ባልና ሚስት ለየብቻ ይተኛሉ፤ ማንም ምንም አይጠይቅም። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጾሙ እንዳያልቅ ጸለይኩ።

አለቀ። ፋሲካ መጣ።

እሑድ «ቅዳሴው አድክሞኛል» አልኩ፤ ቅዳሴውን የቆምኩት በሩ አጠገብ ግማሹን ነው። ሰኞ «ወይዘሪት ረገጠችኝ» አልኩ። ማክሰኞ ማታ ይታይሽ ሰውነቷን ታጥባ፣ ያችን ሻሽ አስራ አጠገቤ ስትቀመጥ የምለው ጠፋኝ። አፌ ግን ከእኔ ይቀድማል።

«ቄስ አዱኛ ቀኖና ሰጥተውኛል» አልኩ። «ዐርባ ቀን። ከሥጋም፣ ከቅቤም፣ ከ… ከሁሉም።»

«ምን አድርገህ?»

«ይህማ በነፍስ አባትና በልጅ መካከል ነው።»

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ «እሺ» አለች። ያቺን «እሺ» እስከ ዛሬ አልረሳትም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ ዕለት የፋሲካው በግ ጥብስ በፊቴ ሲያልፍ ለእኔ ሽሮ ቀረበልኝ። ቅጥፈቴን ከእነ ወጡ በላሁት። ከምሳ በኋላ ይታይሽ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። የት እንደምትሄድ አልነገረችኝም። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ከቆጥ ላይ የልብስ ሻንጣዋን አወረደችና አልጋው ሥር አደረገችው። ባዶ ሻንጣ እንደዚያ ሲያስፈራ አይቼ አላውቅም።

እኔ ደግሞ ምን አሰብኩ? «ልትሄድ ነው፤ ዳባት የሚጠብቃት ሰው አለ ማለት ነው» አልኩ። ለጠረጠረ ሰው ሁሉም ነገር ማስረጃ ይሆንለታል።

ሐሙስ ጠዋት ቄስ አዱኛ መጡ። እንደ በዓል ጥየቃ መስቀላቸውን አሳለሙን፣ ቤቱን ባረኩ፤ ከዚያ «እስቲ በቅሎህን አሳየኝ» አሉኝ። በቅሎዬን ያውቋታል፤ አንዴ ጥምጥማቸውን ጥላባቸዋለች። ጓሮ ስንደርስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ የነፍስ አባት ቀይረሃል እንዴ?»

«ኧረ አልቀየርኩም አባቴ።»

«እንግዲያስ በበዓለ ኃምሳ ማን ነው ቀኖና የሰጠህ? ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ጾምም ስግደትም እንደሌለ የቄስ ተማሪ ያውቀዋል። መዋሸት ካልቀረልህ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ጠይቀህ ዋሽ።»

መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ቀጠሉ። ይታይሽ ትናንት መጥታ፣ ዐርባ ቀን የሚያስጾመው ኃጢአት የትኛው እንደሆነ ጠይቃቸው ነበር። የንስሐ ነገር ምስጢር ነውና ሰጠሁም አልሰጠሁም ሊሏት አልቻሉም፤ ዝም አሉ። ዝም ሲሉ እሷ አለቀሰች። ለካ እኔ መደበቂያ ብዬ የፈጠርኩት ቀኖና ለእሷ የዝሙቴ ወረቀት ሆኗል። እኔ እሷን ስጠረጥር እሷ በእኔ ፈርዳለች፤ ያውም በራሴ ምስክርነት።

«ነገ እህቷ ጋ ልትሄድ ነው» አሉኝ። «ሽማግሌም አትፈልግም። አሁን ተናገር፤ ምን አድርገሃል?»

ነገርኳቸው። ወንዙን፣ ቡግሮቹን፣ ቁልቋሉን። ስለ ሻሹም ነገርኳቸው። ቄሱ አልሳቁም፤ ጢማቸው ግን ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ።

«ጠበል ልግባ አባቴ?»

«ግባ፤ ሐኪም ካየህ በኋላ። እኔ የምፈታው ኃጢአት ነው፤ ቡግር አልፈታም። ነገ ሳይሆን ዛሬውኑ ሂድ።»

ደባርቅ ውስጥ አልታከምም አልኩ፤ በዚያች ከተማ እኔን የማያውቅ ቢኖር አዲስ የተወለደ ጥጃ ነው። መናኸሪያ ሄጄ ዳባት የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ተሳፋሪው ሁሉ የሚያየኝ ሱሪዬን ይመስለኛል። አጠገቤ ያሉ ሴትዮ «ወዴት ነው ልጄ?» ቢሉኝ «ገብስ ልገዛ» አልኳቸው። የሚሸጥ ገብስ እንዳላቸው ነግረውኝ እስከ ዳባት ሲያደራድሩኝ ሄድን። መንገዱ ያኔ ኮረኮንች ነው፤ መኪናው በነጠረ ቁጥር ቁልቋል የበላው ቆዳዬ የራሱን ዋይታ ያሰማል።

ጤና ጣቢያው ወረፋ ላይ ስቀመጥ ወንድ ሐኪም እንዲደርሰኝ ተሳልኩ። ስሜ ሲጠራ የምታክመው ሴት ሆና ተገኘች፤ የእኔ ታናሽ የምትሆን፣ ፊቷ የማይፈታ ሲስተር።

«አንድ ጓደኛዬ አለ» ብዬ ጀመርኩ። «በብልቱ አካባቢ ቡግር ነገር ወጥቶበት…»

«ጓደኛህ የት አለ?»

«ደባርቅ ነው።»

«እንግዲያው እሱ ሲመጣ አየዋለሁ» ብላ ካርዱን ወደ ጎን አደረገችው።

ሦስት ጊዜ ተነፈስኩ። «ደርሷል ሲስተር» አልኳት።

መጋረጃውን ዘጋች፤ ጓንቷን አጠለቀች፤ መብራቱን አዞረች። እያየች ትጠይቀኛለች። መቼ ጀመረ? ያቃጥላል? ሽንት ስትሸና ያምሃል? ፈሳሽ አለው? ብሽሽትህ ላይ እብጠት አለ? ትኩሳትስ? ከባለቤትህ ሌላ ሴት አለች? የመጨረሻውን ሦስት ጊዜ በሦስት መልክ ጠየቀችኝ። ሦስቱንም ጊዜ «የለም» አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ ግን እንደ ለመደብኝ የዋሸሁ ዓይነት ድምፅ ወጣኝ።

«እነዚህ የተደረደሩት» አለች ወደ ጤፎቹ እያመለከተች፣ «በሽታ አይደሉም። ብዙ ወንድ አላቸው። ከጉርምስና ጀምሮ አብረውህ ናቸው፤ አይተላለፉም፣ አይታከሙም።»

«እኔ በዚህ ሁዳዴ ነው ያየኋቸው።»

«እሱ የአንተ ጥፋት ነው። እነዚህ ሁለት ቡግሮች ደግሞ ፀጉሩ ሲላጭ ወደ ውስጥ ዞሮ የበቀለባቸው ናቸው። ሦስተኛው ሥሩ መግሏል። በምንድን ነው የተላጨኸው?»

ዓይኗን ከዓይኔ አላነሳችም።

«በምላጭ።»

«በማን ምላጭ?»

«በበቅሎዋ» አልኩ። «ጋማዋን የምከረክምበት…»

ሲስተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መስኮቱ ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ታየኝ። ስትመለስ ፊቷ እንደነበረ ነው። «የተላጠው ቁስልስ?» አለችኝ። ቁልቋል ስላት ግን አልሳቀችም። ከሁሉ የከፋው ያ እንደሆነ፣ ትንሽ ቢበዛ ኖሮ ጠባሳው ሽንቴን ያስቸግረኝ እንደነበር ነገረችኝ። ኪንታሮት ቢሆን እንኳ በራስ እጅ አይቃጠልም፣ አይቆረጥም፣ በፈረስ ጭራም አይታሰርም አለች። የመጨረሻውን ቀጥዬ ላደርገው እንደነበር በምን አወቀች?

ልብሴን ስለብስ ልቤ ላይ የተቀመጠውን ጠየቅኋት። «እና ከእሷ አይደለም ማለት ነው?»

«ከማን?»

«ከባለቤቴ።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ስማኝ» አለች። «ይኼ ከማንም አልመጣም፤ ከምላጭህ ነው የመጣው። ግን እውነተኛው የብልት ኪንታሮት ቢሆን ኖሮስ? እሱ ሰውነት ውስጥ ለወራት፣ ለዓመታትም ሳይታይ ይቀመጣል። ዛሬ ወጣ ማለት ትናንት ተያዘ ማለት አይደለም። በቡግር ሰው አይከሰስም።»

ቢሆንም በዓይን ብቻ አይበቃም ብላ ደም ሰጠሁ፤ ለቂጥኝም ለኤች አይ ቪም። ውጤቱን አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሩብ ሰዓት ነው አሉ፤ የእኔን ሰዓት ብትጠይቁኝ ከሁዳዴ ይረዝማል። ሁለቱም ነጻ ሆነ። የቁስል ቅባትና የሚዋጥ መድኃኒት ተሰጠኝ፤ እየሮጥኩ ወደ ደባርቅ ተመለስኩ።

ይታይሽ ሻንጣው ላይ ተቀምጣ ነበር። አሁን ሻንጣው ባዶ አይደለም።

«ከማን ጋር ነው?» አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። የበቅሎዋን ምላጭ ስጠራ ፊቷን አዞረች። «እንዲህ ያለ ተረትስ አንተም እንኳ ለማውራት ታፍራለህ ብዬ ነበር» አለች። አያችሁ? ዕድሜዬን ሙሉ ዋሽቼ ስታመን ኖሬ፣ አንድ ቀን እውነት ብናገር የሚሰማኝ ጠፋ። መድኃኒቱን ባሳያት «መድኃኒት ያለ በሽታ አይሰጥም» አለች። በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ተቀበለች፤ ሲስተሯ ራሷ እንድትነግራት።

ዓርብ ጠዋት ሁለታችን ዳባት ሄድን። ሻንጣውን ይዛ ነው የሄደችው፤ ነገሩ ሐሰት ከሆነ ከጤና ጣቢያው በቀጥታ እህቷ ቤት ልትገባ። ሲስተሯ ፈቃዴን ጠይቃ ሁሉንም ነገረቻት፤ ይታይሽም በራሷ ፍላጎት ተመረመረች። እሷም ነጻ ነች። ስትወጣ ሻንጣውን ለእኔ አቀበለችኝ። ወደ እህቷ ቤት ሳይሆን ወደ መናኸሪያው ስትታጠፍ ሻንጣው ላባ ሆነልኝ።

አለቀ ብዬ ነበር። በመንገዱ መካከል ያለችው ወቅን ከተማ ስንደርስ መኪናው ሰው ሊያወርድ ቆመ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ቡግሩን ያየህ ዕለት ማንን ጠረጠርክ?»

ብርድ ልብሱ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ባልንጀራዬም መጥቶ ነበር። ግን ለአንድ ሳምንት የዋሸሁት በቅቶኛል።

«አንቺን።»

«ለምን?»

«ዳባት ሁለት ሳምንት ቆየሽ። አዲስ ሻሽ አስረሽ መጣሽ።»

ሻሹን ከራሷ ፈታች፤ አጣጥፋ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። «እህቴ ደም ፈስሷት ሞታ ልትቀር ነበር» አለች። «ሁለት ሳምንት ጨርቋን ሳጥብ ነው የከረምኩት። ስሄድ ሌላ የምትሰጠኝ ስታጣ ከራሷ ፈትታ አሰረችልኝ። ይህን እንዳትሰማ ብዬ አይደለም ያልነገርኩህ፤ ስለ ተራራው እያወራህ ስለነበር ነው።»

እስከ ደባርቅ ድረስ ሻሹ ጉልበቴ ላይ ነበር። ወርደን ወደ ቤት አልሄደችም፤ በቀጥታ ቄስ አዱኛ ቤት። ተከተልኳት። እሷ ቆማ፣ እኔ ጎንበስ ብዬ፣ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው። ሚስትን በሐሰት መጠርጠር ቀኖናው ስንት ቀን ነው?

ቄሱ አየት አደረጉኝ። «እሱ ራሱ ዐርባ ብሎ ቆርጧል» አሉ። «እኔ አልጨምርም፣ አልቀንስም። ከጰራቅሊጦስ ማግሥት ይጀምር።»

አንባቢዎቼ፣ ይህን ስጽፍላችሁ ወይዘሪት ካረፈች ቆይታለች፤ እኔም ጭነት ትቻለሁ። ማጋነን ግን አልተውኩም። አንድ ነገር ብቻ አላጋንንም። ሲስተሯ ከዚያ በኋላ ስትነግረኝ የሰማሁትን እንደወረደ ላቀብላችሁ። ብልት አካባቢ የሚታይ ጉብታ ሁሉ በሽታ አይደለም፤ አብሮ የኖረም ይሆናል፣ የመላጨትም ይሆናል። ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ እኔና እናንተ በዓይናችን አንለይም። የማያም ቁስል ወጥቶ በራሱ ቢጠፋ ዳንኩ አትበሉ፤ ቂጥኝ እንደዚያ አድርጎ ያታልላል። ውሃ ቋጥሮ የሚያቃጥል፣ እንደ አበባ ጎመን የሚሰፋ፣ መሐሉ የጎደጎደ፣ የሚደማ፣ መልኩን የሚለውጥ፣ ወይም ፈሳሽ፣ ትኩሳትና የብሽሽት እብጠት ያለው ከሆነ ቀን አትቁጠሩ። ምንም ሳያም ሁለት ሳምንት ከቆየም ሂዱ። ባለቤታችሁ እርጉዝ ከሆነች ወይም እሷም ላይ ካያችሁ ደግሞ አብራችሁ ሂዱ። ሐኪሙ እናንተን ሳይሆን ቆዳችሁን ነው የሚያየው፤ ቀን ሙሉ ሲያይ የሚውለው ያንኑ ነው። እኔ ያን ያህል የፈራሁት ነገር መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ከአንድ ማስነጠስ አልዘለለም።

ይህን ሁሉ እኔ በአንድ ቀን ልጨርሰው ስችል፣ ለቡግሬ ከሳሽ ፈልጌ ቤቴን ልዘጋው ደረስኩ። የቆዳዬ ቁስል በአሥር ቀን ደረቀ። ሻሹን ግን ይታይሽ ያን ክረምት አላሰረችውም።

ቀኖናውን ጾምኩት፤ ያለ አንዲት እንቁላል። ዐርባው ቀን ሐምሌ ላይ አለቀ፤ ዝናቡ ደባርቅን ጭቃ አድርጓታል። በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ መሶቡ ቀርቧል። ክዳኑን ስከፍት የዶሮ ወጥ ሸተተኝ፤ ከእንጀራው አጠገብ ደግሞ በወረቀት የተጠቀለለ ትንሽ ነገር አለ። ፈታሁት። አዲስ ምላጭ ነው፣ ሙሉ ፓኬት።

ይታይሽ እጇን እየታጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ «ይኼኛው የአንተ ነው» አለች። «ያኛውን ለወይዘሪት ተውላት።»

ዞር ስትል አየኋት። ሻሹን አስራ ነበር።